የጋርላንድ ሦስት እጆች

ብርሃኔ አምሃ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ያልተባለ ነገር ጽፎ አያውቅም።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አዲስ አበባ ፓርላማ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ይጽፍ ነበር። እንደራሴዎቹ ሲከራከሩ እሱ ጥግ ይዞ ቃል ይለቅማል። አንድ እንደራሴ በስብሰባ የተናገረውን በማግስቱ ሲያስበው ደንግጦ መጣና «እንዲህ አላልኩም፣ አስተካክለው» አለው። ብርሃኔ «ጌታዬ፣ ብለዋል» ብሎ መለሰ። ለዚህች መልስ ሦስት ወር መዝገብ ቤት ተጥሎ የአቧራ ክምር ሲያራግፍ ከረመ። ይህን ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ደርግን፣ ሱዳንን፣ ቴክሳስን ሲያወራ ግን ቶሎ ቶሎ ይላል፤ የሌላ ሰው ታሪክ የተሸከመ ይመስላል። የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፋለሁ። እሱም የሚወደው እንደዚያ ነው።

በፈረንጆቹ 1997 ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነበር። ኤርፖርት ውስጥ መኪና ተከራዮችን ከተርሚናል ወደ መኪናው ግቢ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል። ሚስቱ ታደለች አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የሚኖሩት በዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ፣ አንድ መኝታ ክፍል ባለው አፓርትመንት ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ በዲቪ የመጣው የታደለች እህት ልጅ ታፈሰ ይተኛል። ተሳፋሪ ሸትሉ ላይ ጥሎት የወረደውን ጋዜጣ ብርሃኔ ሰብስቦ ወደ ቤት ያመጣል፤ መዝገበ ቃላቱን ከጎኑ አስቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። ወዳጅ የሚባል የለውም። ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

እናት ቤተ ክርስቲያኗ ዳላስ ናት። አማኙ የቤት ኪራይ ረከሰልን እያለ ወደ ጋርላንድ ሲጎርፍ፣ በ1994 ጋርላንድ የራሷ አጥቢያ እንድትሆን ተፈቀደ። ጋርላንዶች አዳራሽ ተከራዩ፤ ሰባት ሽማግሌዎች መረጡ፤ ማን እንደሚሰብክ፣ መዘምራኑ መቼ እንደሚለማመዱ፣ ወንበሩ ወዴት እንደሚዞር ራሳቸው ይወስኑ ጀመር። ዳላስ በዚህ አይገባም። ከናካቴው እንዳይለያዩ ደግሞ ጋርላንድ በዳላሱ ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ተወካዮች እንድታስቀምጥ ተደረገ። ዳላስ አሥራ ሁለት፣ ጋርላንድ ሦስት።

መተዳደሪያ ደንቡን ፈረንጅ ጠበቃ በእንግሊዝኛ ጻፈው። ወደ አማርኛ የመለሰው ብርሃኔ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ «የጋርላንድ ተወካዮች በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይኖራቸዋል» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ተወካዮቹ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘው ዳላስ እየሄዱ እጃቸውን ሲያወጡ ኖሩ። የሚወሰነው የጉባኤ ቀንና የመዘምራን ልብስ ቀለም ስለነበር ሁሉም አንድ ላይ ያወጣል፣ ማንም አይቆጥርም።

መቆጠር የመጣው በእማማ ዓለምጌጥ ቤት ነው።

ዓለምጌጥ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ባላቸው የዳላሷ ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነበሩ፤ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ሚስቲቱን ውጪ ያላቸው አልነበረም። እሳቸውም ቁልፉን ያዙ፣ አዳራሹን ያጸዱ ጀመር፣ እሑድ ከሁሉ ቀድመው በር ይከፍታሉ። ብርሃኔ በ1986 ከሱዳን ሲመጣ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረው አራት ወር የተኛው የዚያች ቤት ወለል ላይ ነው። ዓለምጌጥ ፍራሽ አነጠፉለት፣ አውቶቡስ አሳዩት፣ የመጀመሪያ ሥራውን እንኳ ያገኘው እሳቸው ጠይቀውለት ነው። ወጥቶ የራሱን ቤት ከተከራየ በኋላ ስለዚያ ወለል ለማንም አላወራም። ታደለችን ሲያገባም አልነገራትም።

ዳላስ አካባቢው መኪና በመኪና ሆነ። እሑድ እሑድ ሰው መንገድ ዳር ፓርክ ያደርጋል፣ ጎረቤት ፖሊስ ጋ ኮል ያደርጋል፣ የመኪና ጎታች ይመጣል። መዝሙር ሳያልቅ ሰው እየሮጠ ይወጣል። የዳላስ ሽማግሌዎች መከሩና የእንጨቷ ቤት ፈርሳ ቦታው ፓርኪንግ ይሁን አሉ። ቤት ለማፍረስ ግን ጠቅላላ ጉባኤው መወሰን አለበት። ወሬው ሲወጣ ከአሥራ ሁለቱ የዳላስ ሰዎች ሰባቱ ይፍረስ፣ አምስቱ አይፍረስ እንደሚሉ ታወቀ። ብርሃኔ ሒሳቡን ሠራ፤ ሦስቱ የጋርላንድ እጆች ከአምስቱ ጋር ከወጡ ስምንት ለሰባት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ዓለምጌጥ ቤት ሄደ።

«አይዞዎት እማማ» አላቸው። «ድምፅ አለን።»

«ድምፅ አላችሁ?»

«አለን። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ከጻፍከውማ» አሉና ሲገባ አጥፍተውት ያገኘውን መብራት አበሩ።

በዚያው ሳምንት ተሳፋሪ የጣለው ጋዜጣ ስለ ስኮትላንድ ያወራ ነበር። ስኮትላንዶች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው ሕዝቡ መርጧል። ትምህርት ቤታቸውንና ሆስፒታላቸውን ራሳቸው ሊወስኑ ነው። የለንደኑ ፓርላማ ወንበራቸውም እንዳለ ይቆያል። ጋዜጣው አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ የስኮትላንዱ እንደራሴ ለንደን ተቀምጦ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ላይ እጁን ሲያወጣ፣ የእንግሊዙ እንደራሴ በስኮትላንድ ትምህርት ቤት ላይ ማውጣት ካልቻለ፣ ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

ብርሃኔ ሳቀና ለታደለች አነበበላት። «እነሱም ጋርላንድ አላቸው» አላት።

ታደለች የሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «እንግሊዙ ልክ ነው።»

«ምኑ ነው ልክ?»

«አንተ እኔ ቤት መጥተህ ወጡ ጨው ያንሰዋል ትላለህ። እኔ አንተ ቤት ስመጣ ማጀት አትግቢ ትለኛለህ። ማነው ታዲያ ባለቤቱ?»

«ፓርላማ እኮ ማጀት አይደለም።»

«ኦኬ፣ አይደለም» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ብርሃኔ ጋዜጣውን አጠፈው። ፓርላማ ሳለ አንዳንዱ እንደራሴ ረግጦት ስለማያውቀው አገር እጁን ሲያወጣ አይቷል። ያኔ ይንቃቸው ነበር። አሁን ግን የእሱ ጉዳይ ሌላ መሰለው፤ እሱ የሚያወጣው ለአንዲት አሮጊት ነው።

ጉባኤው በጥቅምት ወር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ ሲቪል ኢንጂነር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ካርታ ስሎ፣ ቤቷ ስትፈርስ ስንት መኪና እንደሚገባ በቀይ እስክሪብቶ አሳይቶ ነበር። ከጋርላንድ የመጡት ብርሃኔ፣ የጋርላንድ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ የሆነው ባለ ታክሲ ግዛቸው፣ እና ጊፍቲ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ነርስ ናቸው፤ ሦስቱም ከሰባቱ የጋርላንድ ተመራጮች ናቸው።

እጅ ወጣ። ይፍረስ የሚለው ሰባት፣ አይፍረስ የሚለው ስምንት ሆነ። ብርሃኔ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ሙሉጌታ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«አንዴ ቆዩኝማ ወንድሞች። ከስምንቱ ውስጥ ሦስቱ የጋርላንድ እጆች ናቸው።»

«እና?» አለች ጊፍቲ።

«እናማ እህት ጊፍቲ፣ ባለፈው ዓመት ጋርላንድ አዳራሹን ስታሰፉ እኛን ጠይቃችሁናል?»

«የእናንተ አይደለማ።»

«ይሄስ የማን ነው? መኪናው የሚጎተትበት የእኔ ሰው ነው። አንቺ እዚያ ደጃፍሽ ላይ ፓርክ አድርገሽ ትዘምሪያለሽ፣ ከዚያ እዚህ መጥተሽ የእኔን ሰው ፓርኪንግ ትከለክይዋለሽ። እኔ ነገ ጋርላንድ መጥቼ እጄን ባወጣ ግን ግዛቸው በታክሲው አሳፍሮ ነው የሚመልሰኝ።»

«ለዚያውም ሜትር ከፍቼ» አለ ግዛቸው።

ሰው ሳቀ። ሙሉጌታም ሳቀ። ብርሃኔ አልሳቀም፤ የታደለች ማጀት ትዝ ብሎት ነበር።

«ቀልዱን ተወው» አለ ግዛቸው። «አንቀጽ ዘጠኝ ድምፅ ሰጥቶናል።»

«ሰጥቷችኋል። ግን የትኛውን ድምፅ?»

ሙሉጌታ ከፎልደሩ የእንግሊዝኛውን ደንብ አወጣ። «ጠበቃው የጻፈው ቮይስ ነው። ቮት አይደለም። ቮይስ ማለት መናገር ነው። ተናገራችሁ፣ ሰማናችሁ፣ ተባረኩ።»

«አማርኛው ድምፅ ይላላ» አለች ጊፍቲ።

«አማርኛማ ምን ያድርግ? ከጉሮሮ የሚወጣውም ድምፅ ነው፣ የሚቆጠረውም ድምፅ ነው። ሶ፣ እኔና አንቺ ምን አጨቃጨቀን? የተረጎመው ሰው እዚሁ አለ።» ወደ ብርሃኔ ዞረ። «ወንድም ብርሃኔ፣ ያኔ ስትተረጉም ይቺ ቃል ቸግራህ ደውለህልኝ ነበር። ምን ነበር ያልኩህ?»

ደውሎለት ነበር። በ1994 ኤርፖርት ካለ የሕዝብ ስልክ፣ በምሳ ሰዓቱ። ቮይስ የሚለውን ምን ልበለው ሲለው ሙሉጌታ ሥራ ላይ ነበርና ተጣድፎ መለሰለት። ብርሃኔ የመለሰለትን ቃል በቃል ያስታውሳል፤ የሰማውን መርሳት አያውቅበትም። «የመናገር መብት» ብሎ ሊጽፈው ይችል ነበር። አልጻፈውም። ድምፅ አጭር ነው፣ ያምራል፣ ብሎ ለራሱ ነግሮት ነበር። አሁን አሥራ አራት ሰው ሲያየው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ስለ ማማሩ ብቻ ነበር ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ስልኩን ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። «አላስታውስም» ቢል ማንም አያጋልጠውም። ሙሉጌታ ራሱ ይከራከር ይሆናል እንጂ ማስረጃ የለውም። ስምንቱ ስምንት ሆኖ ይቀራል።

«ሐሳባቸውን ይናገሩ ነው የሚለው፣ ውሳኔው ግን የእኛ ነው፣ ብለኸኛል» አለ ብርሃኔ። «ከዚያ፣ ድምፅ በለው፣ አልከኝ።»

«ጋሼ» አለች ጊፍቲ ቀስ ብላ።

«እንዲያ ነው ያለኝ።»

ሙሉጌታ ደንቡን ወደ ፎልደሩ መለሰ። ያላሰበው ስጦታ የተሰጠው ሰው መሰለ። «እግዚአብሔር ያክብርህ» አለ በመጨረሻ። ጸሐፊው ስምንቱን ሰርዞ አምስት ብሎ ጻፈ። ሰባት ለአምስት። ቤቷ እንድትፈርስ ተወሰነ። «ዳግም እንዳንቸገር ደግሞ» አለ ሙሉጌታ፣ «አንቀጽ ዘጠኝን አሁኑኑ አጥራልን። አማርኛውን የሚችለው አንተ ነህ።»

ብርሃኔ እስክሪብቶ ተቀበለ። «የጋርላንድ ተወካዮች በጠቅላላ ጉባኤው የመናገር እንጂ የመወሰን መብት አይኖራቸውም» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ እንደ ሁልጊዜው ያማረ ነበር።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ጊፍቲ አላስችል አላት። «እውነት መናገሩን አልጠላሁትም፣ ማለቴ፣ ግን ዝም ማለትም ነበረ እኮ።»

«ዝም ማለትም ይጻፋል» አላት።

«ማነው የሚጽፈው ጋሼ? ፓርላማው ተዘግቷል።»

ግዛቸው የታክሲውን በር ከፍቶ «ግቡ፣ ሥራ አለብኝ» አለ።

ዓለምጌጥ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲወጡ ተነገራቸው። ብርሃኔ አንድ መንገድ ይቀራል ብሎ አሰበ። ጋርላንድ የራሷ ምክር ቤት አላት፤ እዚያ እጁን የሚነካበት የለም። የጋርላንዱ አዳራሽ ከኋላው የልጆች መማሪያ የነበረ፣ አሁን የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል አለው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰባቱ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሐሳቡን አቀረበ፤ እማማ ዓለምጌጥ እዚያ ክፍል ይግቡ።

«ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ሰው አያድርበትም ይላል» አለ ግዛቸው።

«አንብበኸዋል?»

«ባላነበውም እንደዚያ ነው የሚለው። ኢንሹራንስም አለ። ወድቀው ቢሰበሩስ?»

«እዚያ ሲወድቁ የማን ናቸው?»

«የዳላስ ናቸው። ዳላስ ትወቅበት።»

«ዳላስ ላይ እጅህን ያወጣኸው ለእሳቸው አልነበረም እንዴ?»

መልስ የሰጠችው ጊፍቲ ናት። «ጋሼ፣ ዳላስ ላይ ማውጣት እኮ ቀላል ነበር። በማግስቱ ምንም አያመጣብንም ነበር። እዚህ ከገቡ ግን ማታ ማን ያድራል፣ ሐኪም ቤት ማን ይወስዳል፣ እኔው ነኝ። ነርስ ነሽ ብላችሁ እኔ ላይ ነው የምትጥሉት።»

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። የብርሃኔን እጅ መብት አላት ወይስ የላትም ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ብቻዋን ወጣች፣ ተቆጠረች፣ ወረደች። ጊፍቲ እጇን ከየትኛውም ጋር አላወጣችም። አምስቱ እንቢ አሉ።

ቤት ገብቶ ለታደለች አወራላት። ታፈሰ ሥራ ሄዷል፤ ብርድ ልብሱ ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ታደለች ብርድ ልብሱን አየችና መልሳ ብርሃኔን አየችው።

«ታፈሰን የት ላድርገው?» አለችው።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። እኔም እኮ የምልህ እሱን ነው። አምጣቸው የምትለኝ ከሆነ በለኝ። የት እንደሚተኙም አብረህ ንገረኝ።»

ብርሃኔ ስለዚያ ፍራሽ፣ ስለ አራቱ ወር ሊነግራት አፉን ከፈተ። ቢነግራት ታደለች እንቢ የምትል ሴት አይደለችም። ይህን ያውቃል። ምናልባትም ያልነገራት ለዚህ ነው። «ተይው በቃ» አለና ሸሚዙን ለነገ ሊተኩስ ገባ።

የዓለምጌጥ የወንድም ልጅ ጸጋ ከዳላስ ወጣ ብላ ሌዊስቪል ነበረች። ከባሏ ከክርስቲያንና ከሁለት ልጆች ጋር አፓርትመንት ውስጥ ትኖራለች፤ ባልም ሚስትም ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራሉ። ቃል በቃል «ለጊዜው ይምጡ» አለች።

ብርሃኔ በወሩ መጨረሻ ከሥራ ሁለት ሰዓት አስፈቅዶ ሊያደርሳቸው ሄደ። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ለዕቃው በቂ ነበር። ሀይዌዩ ላይ ከወጡ በኋላ ዓለምጌጥ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«ያን ቀን ስትናገር አሰብከኝ?»

«አሰብኩዎት እማማ።»

«እንግዲያስ?»

«የተባለውን ጠየቁኝ። የተባለውን መለስኩ።»

«ጠየቁህ» አሉ ዓለምጌጥ። «እኔ እኮ ኩሽና ነበርኩ። ሻያችሁን ሳፈላ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሁሉን ሰማሁት። ዳላስ ተናገረ፣ ጋርላንድ ተናገረ፣ ፈረንጁ ጠበቃም ተናገረ። አሥራ አምስት ሰው ስለ እኔ ቤት ሲነጋገር አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ፣ ዓለምጌጥ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልትለኝ የምትችለው አንተ ነበርክ።»

ብርሃኔ ሁለቱንም እጁን መሪው ላይ አድርጎ ነዳ። እውነት ነው፤ አልመጣለትም። ፓርላማም ሳለ የመሬቱ ባለቤት ገብቶ ሲጠየቅ አላየም፤ ስለዚህ በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ሰው እንደጎደለ ልብ ብሎ አያውቅም። ይቅርታ ልበላቸው አለ፤ ደግሞ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ ስለሌለ ምን ይጠቅማል ብሎ ተወው።

ሌዊስቪል ሲደርሱ በሩን የከፈተው ክርስቲያን ነው። ከሥራ ገብቶ የተኛ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ዕቃውን ተቀበለና ኮሪደሩ ላይ ደረደረው። ከዚያ አሮጊቷን ትቶ ወደ ብርሃኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ለምን ያህል ጊዜ ነው?»

ዓለምጌጥ በሁለቱ መካከል ቆመው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ብርሃኔ ጎንበስ እንዳሉ አያቸውና «አላውቅም» አለ። ክርስቲያን ራሱን ነቀነቀ። ብርሃኔም ሰዓቱ እንዳይረፍድበት ደረጃውን ወረደ፤ ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣ የያዙ ሰዎች ይጠብቁታል።